የነጭ ጭራው ንስር ቀለበት

በረዶው ከሮም በስተሰሜን ካለችው ከካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ በላይ ያሉትን ኮረብቶች ውጧቸዋል። ኣስመላሽ ሥጋ የሞላ ጆንያ ተሸክሞ፣ እስከ ጉልበቱ እየሰመጠ ሽቅብ ይቧጥጣል። ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1977 የገና ዋዜማ ነው፤ እሱ ጾመኛ፣ ሸክሙ የበግ ሥጋ!

የላኩት ሲኞራ ዮላንዳ ናቸው፤ አዲስ አበባ ተወልደው ሮም ውስጥ አዳኝ አሞሮችን የሚያጠኑ ክልስ። «ብርዱ ከሰሜን ነጭ ጭራ ንስር አምጥቶልናል። በሥጋ አባብላችሁ አውርዱት። እግሩ ላይ የታሰረውን የመለያ ቀለበት ቁጥር ያነበበልኝን በቋሚነት እቀጥራለሁ» ብለዋል። ለኣስመላሽ ኮንትራቶ፣ የሥራ ውሉ፣ ማለት ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ያለ ፔርሜሶ መጨረሻው አምልጦት ወደ መጣው ደርግ እጅ መመለስ ነው።

ተፎካካሪው ሬሞ ግን ጣሊያናዊ አባቱ ፓስፖርት አውርሶታል። ያለችውን አንዲት የሩቅ ማሳያ መነጽር እንኳ ሲኞራ የሰጡት ለእሱ ነው። ላለው ይጨመርለታል! ኣስመላሽ ይህን ባሰበ ቁጥር በሬሞ ይቀናል።

ከመንገዱ በታች፣ ከቁልቁለቱ የውሻ ጉርምርምታ ተሰማው።

«አዩቶ! እርዱኝ! ሰው የለም?»

አጎንብሶ አየ። ሬሞ ጀርባውን ሰጥቶ ወድቋል። የዱር ውሾች እሱም የተሸከመውን የሥጋ ጆንያ ቦጫጭቀው ጨርሰዋል፤ አሁን እሱን ከበዋል።

ኣስመላሽ ቀና አለና መንገዱን ቀጠለ። ሃያ እርምጃ፣ ሠላሳ እርምጃ። ደስ አለው። ደስ ማለቱ ግን አስደነገጠው፤ ዞሮ እየሮጠ ቁልቁል ተንሸራተተ፤ ሥጋውን ዘርግፎ አርቆ ወረወረው። ውሾቹ ተግተልትለው ሄዱ።

ወዲያው ጭላቶች ወረዱና ከውሾቹ ጋር ተናጠቁ። ድንገት ሰፊ ጥላ አለፈ፤ ንስሩ ካንዱ ጭላት እግር ሥጋውን መንጭቆ ፊት ለፊታቸው ቋጥኝ ላይ አረፈ።

«ያዝ፤ አንተ አንብብ!» አለ ሬሞ መነጽሩን አቀብሎት።

ኣስመላሽ የቀለበቱን ቁጥር አነበበ። ከዚያ ሲወድቅ እግሩ የወለቀውን ሬሞን ደግፎ ወደ መንገዱ አወጣው። ሬሞ አቀርቅሮ በረዶውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

ሮም ሲደርሱ ሲኞራ «ማን ነው ያነበበው?» አሉ።

«እሱ ነው፣ ሲኞራ፤ እርስዎ እንዳሉት ይቅጠሩት» አለ ሬሞ።

ደጅ ሲወጡ ኣስመላሽ መታገሥ አቃተው። «ሬሞ፣ መጀመሪያ ሰምቼህ አልፌ ሄጄ ነበር።»

«አውቃለሁ፤ ዱካህን አይቻለሁ» አለ ሬሞ እያነከሰ። «አሎራ፣ እንግዲህ የተመለስክበትንም አይቻለሁ።»

ኣስመላሽ በሬሞ ያልቀናበት ነገር አልነበረም። የዚያን ቀን የቀናው ግን በሬሞ ልብ ነው።