ጨው የሚፈልገው ድንጋይ

ይህን ሌላ ሰው አልነገረኝም። እኔው ነኝ ያየሁት። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለው ቤታችን ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሳለ።

አላምንም የምትሉ እለፉት። ለመከራከር አቅም የለኝም።

ወንድሜ ጌትነት በታንኳ እንደ ወጣ ቀረ። ታንኳው ተገኘ። እሱ አልተገኘም።

ክረምቱ አልፎም እናቴ እርሟን አላወጣችም። ለቅሶ የሚደርሰውን ሰው ከበር ትመልሳለች።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ጋሽ ክንዱ መረባቸውን ሲስቡ የጌትነት መልሕቅ አብሮ ወጣ። ነጭ የኮራል ድንጋይ ነው። የጭነት መኪና ሲነዳ ከጅቡቲ ያመጣው።

እናቴ አቅፋ አስገባችው።

"ምንድን ነው እንዲህ ቀዳዳ ቀዳዳ?"

ባዮሎጂ ነው የተማርሁት። ቸኩዬ አስረዳኋት።

"የጥቃቅን እንስሳት ቤት ነው፣ እማዬ። አንዱ ሲሞት ሌላው በላዩ ይሠራል፤ እንዲህ ያድጋል። ሁሉም ሲሞቱ ማዕበሉ እየፋቀ አሸዋ ያደርገዋል። ጨው ውሃ ካልሆነ አይኖሩም። ይሄ የሞተ ነው።"

ከዚህ ሁሉ የሰማችው ጨው የሚለውን ብቻ ነው።

በነጋታው ድንጋዩን ሳፋ ውስጥ አገኘሁት... በጨው ውሃ።

"የሞተ ነገር በጨው አይነሳም!"

"ከወጥሽ አልቀነስሁብሽ። ምን ቸገረሽ?"

ተውኋት። ደክሞኝ ነበር።

ድንጋዩ አደገ።

መጀመሪያ ዓይኔ ነው አልሁ። ቀጥሎ ቅርንጫፍ አወጣ... አምስት። ትንሿ ወደ ውስጥ ቆልመም ያለች።

የጌትነት ትንሿ ጣት በልጅነቱ ተሰብራ እንዲያ ነበረች።

ጋሽ ክንዱን ጠራኋቸው። በሩ ላይ ቆመው አዩ። አልገቡም።

"መልሱት... ዛሬውኑ" አሉኝ በሹክሹክታ።

"አትሰጠኝም።"

"እንግዲያ ጨው አታቅምሱት።"

ቤት ያለውን ጨው ሁሉ ደበቅሁ። ውሃውን ደፍቼ በሐይቅ ውሃ ለወጥሁት። መሞት ነበረበት።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሥራ ስመለስ እናቴ ሳፋው አጠገብ ተቀምጣለች። እጇ ውሃው ውስጥ ነው።

"እርሜን ላወጣ ነበር" አለች በቀስታ። "ልሰናበተው ብዬ እጁን ያዝሁት..."

"ጥሩ አደረግሽ። በይ ተነሺ።"

"አልለቀቀኝም።"

ክንዷን ይዤ ሳብሁ። ቀዝቃዛ ነው... ሻካራ።

እጅጌዋን ገለጥሁ።

እስከ ክርኗ ነጭ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ይከፈታል... ይዘጋል።

"ሔራንዬ" አለችኝ፣ "ጨዉን የት ደበቅሽብን?"