የአንቃሮ መርዶ

የስንዱ ሥራ ምድርን ማንቀጥቀጥ ነበር። ሌላው ዳቦ ሲጋግር፣ ሌላው ጨርቅ ሲሸጥ፣ እሷ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ካለችው ትልቅ ከተማ ሥር የተጠራቀመውን የምድር ግፊት እየመራች ወስዳ ሰው በሌለበት ተራራ ሥር ትለቀዋለች። መሣሪያው «ነውጥ መሪ» ይባላል፤ ወደ ምድር ሆድ እጅግ ጠልቀው የተቀበሩ፣ ግፊትን ከቦታ ቦታ የሚያሸጋግሩ ቧንቧዎች ናቸው። ከተማዋ እንዳትፈርስ በየጊዜው አንድ መካከለኛና ጥልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ አንቃሮ ተራራ ይላካል። ከጥልቅ ስለሚነሣ ላይ እስኪደርስ ይደክማል። ደግሞስ አንቃሮ ላይ ማን አለ? ነዋሪው ሁሉ ገና ቧንቧው ሲቀበር ወደ ከተማ እንዲወርድ ተደርጓል፤ የስንዱ ቤተሰብም አብሮ ወርዷል። የተወለደችበትን ተራራ በገዛ እጇ የምታናውጥ ሴት ናት እንግዲህ። የእንጀራ ነገር ነው ብላ ችላዋለች።

ትናንት ቀትር ላይ አንዱን ልካለች። ዛሬ ጠዋት የቀረውን ልትለቅ ጣቢያ ስትገባ ዋቢ እንቅፋት ሆነባት። ዋቢ ጣቢያውን ከሰዎቹ ጋር የሚያስተዳድር ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው፤ አካል የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው።

«ዛሬ ባንለቅ ይሻላል» አላት። «ሦስተኛው ቧንቧ ትንሽ ሳይጣመም አልቀረም።»

ስንዱ የቧንቧውን ምስል ግድግዳው ላይ ባለው መስተዋት አውጥታ መረመረችው። እንደ ሻማ ቀጥ ያለ ነው።

«ምንም አልሆነም እኮ!»

«እንግዲያው ተሳስቼ ይሆናል። ቁርስ በልተሻል?»

የስንዱ እጅ ቁልፉ ላይ ቀረ። ዋቢ ከተሠራ ጀምሮ ስለ ማንም ቁርስ ጠይቆ አያውቅም። ተሳስቼ ይሆናል ብሎም አያውቅም።

«በልቻለሁ። ምነው?»

«ደህና አደረግሽ። እናትሽ ጋ ዛሬ ማን አለ? ብቻቸውን ናቸው?»

በዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ወዲያው በሩ ተከፈተና የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ልሳኑ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከኋላቸው አክስቷ፣ የአክስቷ ባል፣ የሰፈሯ ሰዎች፤ ሁሉም ዓይናቸውን ከዓይኗ ያሸሻሉ።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አሉ ጋሽ ልሳኑ። «አዝመራው ትንሽ አሞታል አሉ።»

አዝመራው ታናሽ ወንድሟ ነው። የከተማ ኑሮ አልዋጥልህ ብሎት ሲነጫነጭ ከርሞ፣ ወደብ ላይ ሥራ አገኘሁ ብሎ ከሄደ ወራት ሆኖታል። ስልኩ አልሠራ ካለም ሰንብቷል።

ስንዱ ጮኸች። ደረቷን መታች። «ወንድሜን! ወንድሜን!» አክስቷ ተቀበለቻት፤ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ በአንድ አፍታ ለቅሶ ቤት ሆነ። በዚህ መሃል የዋቢ ድምፅ ገባ።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላርም። አዝመራው ገና አልሞተም።»

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«አንቃሮ ላይ ነው ያለው። ድሮ በጎቻችሁን ታሳድሩበት የነበረው ዋሻ ትናንት ተደረመሰበት። በዓለት ጆሮ እየሰማሁት ነው፤ አሁንም ድንጋይ በድንጋይ እያንኳኳ ነው።»

የዓለት ጆሮ የሚባሉት ተራራው ላይ የተተከሉት ድምፅ ለቃሚዎች ናቸው። ግፊቱ ከመለቀቁ በፊት የሰው ኮቴ አለመኖሩ የሚጣራው በእነሱ ነው።

«ትናንት ሰው የለም አላልከኝም?»

«ኮቴ አልነበረም። ተኝቶ ነበር መሰለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰማው?»

«ከትናንት ቀትር ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«የመትረፍ ዕድሉን ሳሰላው በጣም ትንሽ ሆነብኝ። የሞት ወሬ ደግሞ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ሳይነጋ አይነገርም ብለሽኛል። ዘመድ ሰበሰብኩ። ነጋም።»

እውነቱን ነው፣ ብላዋለች። የጋሽ ልሳኑ ባለቤት ያረፉ ጊዜ ዋቢ ወሬውን በድምፅ ማጉያ ለጣቢያው ሁሉ አሰማና ሽማግሌው ከቆሙበት ወደቁ። ያን ቀን ስንዱ በንዴት ቁጭ ብላ የመርዶን ወግ አስተማረችው፤ ሐዘንተኛው አስቀድሞ እህል እንዲቀምስ፣ ሰው እንዲከበው፣ «ትንሽ አሞታል» እየተባለ ነገሩ እንዲለሳለስለት። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ሳትነግረው የቀረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ሰውየው መሞት እንዳለበት። ይህንንስ ማን ለማን አስተምሮ ያውቃል?

ጋሽ ልሳኑ ወደ ጣሪያው አንጋጠው ጮኹ። «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል! አንተ ሳትቀብር ነው ያረዳኸን!»

«ይህን አላስተማራችሁኝም» አለ ዋቢ።

«ተዉት፣ ጋሼ» አለች ስንዱ። «አካፋ የት ነው?»

ጋሽ ልሳኑ የቀረው ግፊት እንዲቆይ አዘዙ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ከነጠላው በቀር የያዘው ነገር ስላልነበረ ከዕቃ ቤት ዶማና አካፋ ተከፋፍሎ በጣቢያው በራሪ መኪና ላይ ተሳፈረ። ስንዱ የዋቢን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰካች።

«ያንኳኳል?»

«ያንኳኳል።»

ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀች። «አሁንስ?»

«ያንኳኳል። ዘግየት እያለ ነው።»

«ስማኝ። ከአሁን ወዲያ የሰማኸውን እንደሰማህ ንገረኝ። ምንም አታለሳልስብኝ።»

«እሺ።»

አንቃሮ ጉም ለብሶ ጠበቃቸው። መንቀጥቀጡ ያን ያህልም አልነበረም፤ ዛፎቹ ቆመዋል፣ የቆየ የድንጋይ አጥር እንኳ አልተናደም። የተደረመሰው የዋሻው አፍ ብቻ ነው። ከአጠገቡ ትንሽ የነጭ ሽንኩርት መደብ አለ፤ ፈልጦ የከመረው እንጨት አለ፤ ታጥቦ ቁጥቋጦ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ አለ። ወደብ ያለው ይህን ኖሯል። ስንዱ ሸሚዙን አይታ ዶማዋን አነሣች።

ቆፈሩ። የአክስቷ ባል በዚያ ዕድሜያቸው ድንጋይ በሆዳቸው እያቀፉ አወጡ። ስንዱ «አዝሜ! መጥተናል፣ አዝሜ!» እያለች በቋጥኙ ስንጥቅ ትጣራለች። አንድ ጊዜ ከውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳላት። ያለ ማዳመጫ፣ በገዛ ጆሮዋ ሰማችው። ሰዉ ሁሉ ሰማው፤ አክስቷ እልል አለች።

የመጨረሻውን ቋጥኝ ገና እየፈነቀሉ ሳለ ዋቢ ተናገረ።

«አቆመ።»

«ምኑ?»

«ማንኳኳቱ። መተንፈሱም።»

ወዲያው፣ ሳያለሳልስ፣ ልክ እንዳዘዘችው። ያን ጊዜ ምነው በዋሸኝ ብላ ተመኘች።

ሲያወጡት ገላው አልቀዘቀዘም። ደረቱን ጫኑት፣ ስሙን ጠሩት፣ ውኃ ረጩበት፤ አልተመለሰም። ትናንት ማታ መጥተን ቢሆን ኖሮ የሚለውን ማንም በአፉ አላወጣውም። በየሰዉ ፊት ላይ ግን ነበር።

ወንድሟን አቅፋ ተቀምጣ ሳለች ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት።

«ስንዱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የት ጠፋ? ሰፈሩ ጭር ብሏል። ምን ተፈጠረ?»

«ምንም አልተፈጠረም፣ እማዬ» አለች ስንዱ። ድምፏ ከየት እንደመጣላት እሷም አላወቀችም። «አዝመራውን አገኘነው።»

«አገኛችሁት? ተመስገን! ተመስገን! ከስቷል?»

«ትንሽ ከስቷል።»

«ወይ ልጄን! በይ ቶሎ ይዘሽልኝ ነይ።»

«ይዤው እየመጣሁ ነው። ቤት ብቻሽን አትሁኚ፣ ታች ሰፈር እትዬ ውዴ ጋ ሂጂና ተጫወቺ።»

ስልኩ ተዘጋ። በዙሪያዋ የቆሙት ሰዎች አቀርቅረዋል፤ ማንም አልወቀሳትም፤ ማንም አልተገረመም። ዋቢ ሁሉንም ሰምቷል። በጆሮዋ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«ለእናትሽ መቼ ይነገር?»

ስንዱ የወንድሟን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች።

«ጠዋት» አለችው። «ዛሬን ልጄ ተገኘ ብላ ትተኛ።»