የአጎት ቁልፍ

መርፌ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሰልፍ ያዘች። የሥራ ስሟ ነው፤ ሌላውን ስሟን እዚህ ማንም አያውቅም።

ከፊቷ የነበረው ሽማግሌ የሳል ሽሮፕ ገዝቶ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ትቶ ዞረ።

«አባቴ፣ ዕቃዎን ረሱ!»

«ላንቺ ይሁን ልጄ። ደረትሽ ደህና አይመስልም።» ጠጋ አለ። «ከምሳ በፊት ይግባ። አንድ መስመር ነው። ጽፈሽ አዎ በይ፣ በቃ። ማንበብ አያስፈልግም።»

አጎት ይባላል። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው።

ወጣች። ማንም አልተከተላትም። ይህም አሳሰባት።

ካርቶኑ ውስጥ ፍላሽ ነበር።

መርፌ በአንድ የጥበቃ ድርጅት ውስጥ የኮምፒዩተር ባለሙያ መስላ ተቀጥራለች። ድርጅቱ «ታዛዡ» የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለው። ታዛዡ ብልህ ነው፤ ግን ለብቻው ዓይንም እጅም የለውም። ከመንገድ ካሜራ፣ ከመኪና መከታተያ፣ ከመልእክት ሳጥን ጋር የምታገናኘው እሷ ናት። ጥቁር መስኮት ትከፍትና የትእዛዝ መስመር ትጽፋለች። መስኮቱ «ልፍቀድ?» ይላል። «አዎ» ስትል ታዛዡ አንድ ዓይን ይጨምራል።

ሰሞኑን ታዛዡ የሚፈልገው አንዲት ሴት ነው። የድርጅቱ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች፤ ነገ ፍርድ ቤት ቀርባ በሥራ አስኪያጁ ላይ ትመሰክራለች። የመርፌ ሰዎች ከልጇ ጋር ደብቀው ይጠብቋታል። ታዛዡ ሴትዮዋን ካገኛት ነገን አታይም። የአጎት መስመር ታዛዡ የሚያየውን ሁሉ ለጠባቂዎቿ ያሳያል ተብሏል።

አጠገቧ ችኩሉ ተቀምጧል። «ልፍቀድ?» የሚል ነገር ካየ አንድ ቃል ሳያነብ «አዎ» ስለሚል ነው ይህ ስም የወጣለት። በሌላው ጎኑ ያለው የሒሳብ ሠራተኛዋ ወንበር ባዶ ነው። ጃንጥላዋ አሁንም እዚያው ተንጠልጥሏል።

«አንቺ እኮ» አለ ችኩሉ፣ «የራስ ምታት ክኒን ለመዋጥ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር የምታነቢ ሰው ነሽ። እስክትጨርሺ ራስ ምታቱ ይተውሻል።»

«ክፉው ነገር የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ በደቃቅ ፊደል።»

«እኔም ለዚያ ነው የማላነበው!»

ፍላሹን ሰካች። መስመሩን ጻፈች። መስኮቱ መለሰ፦

ታዛዡ የሚከተሉትን እንዲያደርግ ልፍቀድ?
የመሸሸጊያ ቤቶችን አድራሻ ማንበብ።
የጠባቂዎችን ስም ማንበብ።
ለጠባቂዎች መልእክት መላክ።

እጇ ቆመ።

መስመሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የእሷ ሰዎች ታዛዡን አያዩም፤ ታዛዡ የእነሱን ጓዳ ያያል።

የዚያ ጓዳ ቁልፍ ያለው ደግሞ አጎት ዘንድ ብቻ ነው።

ለብቻው ግን አይከፍትም። በእሷ ስልክ የሚመጣ ቁጥር ይፈልጋል። አጎት የፈለጋት ለዚህ ነው።

ጣቷን ወደ መሰረዣው ላከች።

«ገባ?»

ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ቆሟል።

ስለዚህ መስመር ሊያውቅ አይገባም ነበር።

«እየገባ ነው ጌታዬ።»

«ቁጥር በስልክሽ ይመጣል አሉኝ። አትዘግዪ እህቴ።»

አብሮት የመጣው ዘበኛ በሩን ዘጋው። እምቢ ብትል ስልኩን ከእጇ፣ ቁጥሩን ከስልኩ ይወስዳሉ። ሴትዮዋም፣ ልጇም፣ እሷም አበቃላቸው።

እንደገና አነበበች። መልእክት መላክ። አጎት ሆዳም ነው፤ ሁሉንም ጠይቋል። ያልፈለገውንም ጭምር።

ከሥር ሌላ ትእዛዝ ጨመረች፦ አድራሻ ከመነበቡ በፊት ለጠባቂዎች በሙሉ አንድ ቁጥር ይላክ። የአደጋ ቁጥራቸው ነው። ቤቱን ልቀቁ፣ ለራሳችሁ አለቃም እንዳትናገሩ ማለት ነው። ለሥራ አስኪያጁ የማያው ጽሑፍ የጉንዳን ሰልፍ ነው።

ለችኩሉ ግን አይደለም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ፣ ወደ ማያው ጎንበስ ብሎ።

«ምን?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ችኩሉ አነበበ። እሷ ስታውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበበ። ዓይኑ ወደ ጃንጥላው ሄዶ ተመለሰ።

«ምንም ጌታዬ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

እጁን ዘርግቶ ራሱ «አዎ» አለ።

ስልኳ ነዘረ። የመጣላትን ቁጥር አስገባች።

ተልኳል።

ከዚያ አድራሻው ወጣ። ሥራ አስኪያጁ በስልኩ ፎቶ አንስቶት ሮጠ። «ማንም እንዳይወጣ!» አለ ለዘበኛው፤ ዘበኛውም ከበሩ ውጭ ቆመ።

«ለእሷ ነው አይደል?» አለ ችኩሉ በሹክሹክታ።

«ለእሷና ለልጇ።»

የአንገት ካርዱን አውልቆ ሰጣት። «የኋላውን ደረጃ በር ይከፍታል። ሂጂ።»

«አንተስ? ና ብልህ...»

«ሁለታችንም ከጠፋን ወዲያው ለሥራ አስኪያጁ ይደውሉለትና ነገሩ ይነቃል። እኔ እንደ ልማዴ ሳላነብ አዎ አልኩ። ማን ይጠረጥረኛል?» ሳቀ። ወንበሩን ወደ ማያው መለሰ።

ሄደች። ስልኳን ቱቦ ውስጥ ጣለች።

ከሁለት ቀን በኋላ ከሕዝብ ስልክ ደወለች።

«ቤቱ ባዶ ሆኖ ነው የደረሱት» አለ የማታውቀው ድምፅ። «ምድጃው ላይ ሻይ እየፈላ ነበር። መስክራለች። አጎት ተይዟል።»

«ልጁስ?»

«ከእናቱ ጋር ነው።»

«እሱን አይደለም። ቢሮ የነበረው።»



«ስለ እሱ የምናውቀው የለም። አንቺም አትጠይቂ። ከዛሬ ጀምሮ መርፌ የምትባል የለችም።»

አሁን በሌላ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ካርዱ በቦርሳዋ ገበር ውስጥ ተሰፍቷል፤ ፎቶው ላይ ችኩሉ ዓይኑን ጨፍኗል። ፎቶ አንሺውንም አልጠበቀውም።

ጠዋት ጠዋት ካርዱ ላይ ያለውን ስም ፍለጋ ጋዜጣውን እስከ መጨረሻው ደቃቅ ፊደል ታነባለች።

ባለቤትዬዋ ከውስጥ በአዲስ ስሟ ጠሯት። አልሰማችም። ደገሙት።

«አቤት» አለች፣ ጋዜጣውን አጥፋ።