ዝቅ ያላለችው ታንኳ

ብታምኑም ባታምኑም ይህ የሆነ ነገር ነው። የነገረችኝ ሸሪፋ ራሷ ናት፤ ሸሪፋ የአባቴ እናት ናት። ለቀልድ እንኳ ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ቦታው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር። ሰዓቱ ከአሱር ሶላት በኋላ... ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ሁሉ ነገር ወለል ብሎ በሚታይበት ሰዓት።

አዎ፣ በጨለማ አይደለም።

የሸሪፋ ባል መስዑድ ለአርበኞች ጥይት ሲያሻግር ተደርሶበት ጭኑን ተመትቷል። አባቷ አብዱልወሃብ ታንኳ ሠሪ ናቸውና፣ ታንኳ በሚሠሩበት የደንገል ክምር ሥር ደብቀውታል። የቤት ለቤት ፍተሻው ግን እየቀረበ ነው። ያን ቀን ካልወጣ ይዘው ይሰቅሉታል። ሐይቁን ተሻግሮ ዘጌ ዳር ከደረሰ ወንድሙ አብዱልመጂድ በቅሎ ይዞ ይጠብቀዋል።

ወንድ የተባለ ሁሉ ስለሚያዝ የምትቀዝፈው ሸሪፋ ሆነች። ታንኳ ላይ ያደገች ናት፤ አያቅታትም። እንጨት ላመጣ ነው ብላ ባዶ ታንኳ ይዛ ትወጣለች።

ችግሩ ከዳር መውጫው ላይ ባለው የጣሊያን ኬላ የቆመው ሣህሉ ነው። ባንዳ ይሁን እንጂ የሐይቁ ልጅ ነው፤ ታንኳ አገላብጦ አይፈትሽም። ውኃው ደንገሉን የቱ ጋ እንደነካው አይቶ ብቻ ምን እንደተጫነ ያውቃል። ደረቅ ታንኳ አንድ ሰው ይዛ ከፍ ብላ ትሄዳለች፤ ሁለተኛ ሲጨመርባት ዝቅ ትላለች። መስዑድን ደንገል አልብሶ ማስተኛት ሣህሉን አያታልለውም።

አብዱልወሃብ መላ መቱ።

"ላይዋ ከተኛ የምትሸከመው ታንኳዋ ናት" አሏት። "ውኃ ውስጥ ከገባ ግን ውኃው ራሱ ይሸከመዋል። ለታንኳዋ እንደሌለ ነው።"

ብብቱ ሥር ገመድ አዙረው አሰሩት። የገመዱን ሌላ ጫፍ ሸሪፋ በምትቀመጥበት በኩል ታንኳዋ ላይ ቋጠሩት። መተንፈሻ እንዲሆነው ባዶ ሸምበቆ በጥርሱ አስያዙት። ኬላውን ሲያልፉ ታንኳዋን በመቅዘፊያ ትመታለታለች፣ እሱም ከኋላዋ ወጥቶ ይጋደማል። ሣህሉ የሩቅ ማያ መነጽር ስላለው ግን፣ እንዳይጠረጥር ወደ ኋላ ዞራ እንዳታይ አስጠነቀቋት።

ኬላው ጋ ደረሰች።

ሣህሉ ቶሎ አላሳለፋትም። ባሏን ጠየቃት፤ ዱርቤቴ ገበያ ሄዷል አለችው። ጎንበስ ብሎ ውኃውን አየ። ደግሞ አየ። ትንባሆውን ጠቅልሎ እስኪያጨስ አቆማት። ሸሪፋ ታንኳዋ እንዳትናወጥባት ጠርዟን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች።

ያን ጊዜ አንድ ሸምበቆ በጎኗ ተንሳፍፎ ሲያልፍ አየች...

ባዶ ሸምበቆ። ጫፉ በቢላ የተቆረጠ።

የሌላ ሰው ነው አለች በልቧ። ጣና ዳር ሸምበቆ ሞልቷል።

"ባዶ ናት። ሂጂ" አላት ሣህሉ።

ቀዘፈች... ቀዘፈች... ኬላው ሲርቅ በመቅዘፊያው ታንኳዋን መታ መታ አደረገች።



እንደገና መታች።

"ወጣሁ" አላት ከጀርባዋ።

የመስዑድ ድምፅ ነው። ሸሪፋ ከደስታዋ ብዛት እንባዋ መጣ። ዞራ ልታቅፈው አማራት፤ መነጽሩን አስባ ተወችው።

"ቁስልህስ?" አለች በሹክሹክታ።

"አያመኝም።"

"አልበረደህም?"

"አይበርደኝም።"

ልቧ የደነገጠው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው ሲወጣባት ታንኳ ትወዛወዛለች፣ ዝቅ ትላለች። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እሷ ግን ምንም አልተሰማትም። ዘንበል ብላ የታንኳዋን ጎን አየች... ውኃው ሣህሉ ካየው ቦታ አልተነቃነቀም።

"መስዑድ... ወጥተሃል?"

"ከኋላሽ ነኝ።"

ገመዱን ዳበሰችው። ተወጥሯል። ቀጥ ብሎ ወደ ውኃው ወርዷል።

"ገመዱን አልፈታኸውም?"

 ከኋላዋ ሰው ሲተነፍስ ብቻ ሰማች።

ዳር ሲደርሱ አብዱልመጂድ እስከ ጉልበቱ ውኃ ገብቶ ተቀበላቸው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ወንድሜ" አለና ሸሪፋን አልፎ እጁን ዘረጋ።

ሸሪፋ ወረደች። ያን ጊዜ ታንኳዋ ማንም እንደሌለባት ከፍ አለች።

ገመዱን ያዘችና ሳበች። መጀመሪያ ቀሏት መጣ። ጥልቁ አልቆ ውኃው መሸከሙን ሲተው ግን ከበዳት... የሰው ክብደት ከበዳት።

"ተዪው፣ ሸሪፋ" አላት ከታንኳዋ ላይ። "እኔ አለሁልሽ አይደል?"

ዞራ አየችው። ባሏ ነው። ዓይኑ የሱ ነው፣ ፈገግታው የሱ ነው። ልብሱ ግን ደረቅ ነው።

ምን ታድርግ? ትወደዋለች።

ገመዱን ለቀቀችው።

ጣሊያን ሲወጣ ባሕር ዳር ተመልሰው አብረው ኖሩ። አባቴ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ሕፃን ሳለ ታንኳ ላይ ባስቀመጠችው ቁጥር ሰው ሁሉ ልጁን እያየ ይስቃል...

ሸሪፋ ግን ጎንበስ ብላ ታይ የነበረው ውኃው ደንገሉን የቱ ጋ እንደነካው ነው።