ያልጮኸው ሞተር

የመኪና ፋብሪካው ባለቤት የጆሳያ ፔል ሬሳ ጠዋት የተገኘው በአዲሱ መኪና ፊት ለፊት ነበር። ጆሮ ግንዱ ተፈንክቷል፤ ከመኪናው ፊት ተሰክቶ በእጅ የሚዞረው ሞተር ማስነሻ ብረት አጠገቡ ወድቋል። መኪና በሚሠራባት በኮቨንትሪ ከተማ ይህን ለማብራራት ፖሊስ አያስፈልግም፤ ቤንዚኑ የሚቀጣጠልበትን ጊዜ የሚያስተካክለው እጀታ ከቦታው አልፎ ከተተወ ሞተሩ ብረቱን መልሶ ይወረውራል። እጀታው አልፎ ተገኝቷል። መኪናውን መጨረሻ የነካው መኪና ሞካሪው ዊልፍሬድ ትራንተር ነው፤ በዋዜማው ስለ ፍሬን ከፔል ጋር ተጨቃጭቋል።

የዊልፍሬድ እናት ሄስተር ወሬውን ስትሰማ የስቅላቱ ገመድ በልጇ አንገት ላይ ታያት። ድሮም ቀድሞ የሚታያት ክፉው ነው።

መርማሪው አሞስ ሊድል ቤቷ መጣ። ስለ ጭቅጭቁ አልጠየቃትም፤ በመስኮቱ በኩል ውጭ የተሰቀለውን የልጇን ኮት ነበር የሚያየው።

«በዚህ ዝናብ ለምን ውጭ ሰቀሉት?»

«ቤንዚን ይሸታል። ምድጃዬ አጠገብ አላስጠጋውም።»

ባሏ በፋብሪካው ቀለም ክፍል በተነሳ እሳት ከሞተ ወዲህ በየማታው ፋብሪካ ትሄዳለች፤ ልጇ የመኪናውን ቤንዚን እስከ መጨረሻው ጠብታ ካላፈሰሰ ከዚያ አትነቃነቅም። ሠራተኞቹ «እማማ እሳት» እያሉ ይስቁባታል። ሊድል ግን አልሳቀም።

የፔል ሸሪክ ክራውዘር ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ፋብሪካውን ለለንደን ሰዎች እንሽጥ ሲል፣ ፔል ስሜን አልሸጥም ብሎት እንደነበር አልደበቀም። ማታ ሞተሩ አንዴ ሲጮህ መስማቱንም ተናገረ።

በማግስቱ ሊድል ሁሉንም መኪናው ዘንድ ሰበሰበ። ሄስተር አልተጠራችም። ዘበኛው ሲከለክላት በክርኗ ገፍታው ገባች።

«ሚስተር ክራውዘር፣ የሰሙትን ይድገሙልን።»

«ጧ አለ። ከዚያ ጸጥ።»

ሊድል ጎንበስ ብሎ የቤንዚኑን መክፈቻ ከፈተ። ጠብታ አልወረደም።

«ሬሳው ከተገኘ ጀምሮ መኪናውን ፖሊስ ሲጠብቀው ነበር። ታዲያ በምን ጮኸ?»

«ልጁ ገድሎት ሲያበቃ አፍስሶታላ።»

«ሚስተር ፔል ቆመው እያዩ ነው ያፈሰሰው!» አለች ሄስተር። «‹እማማ፣ መኪናዬን በደንብ ገደሉልኝ?› ብለው ስቀውብኛል። እኔንና ልጄን ሸኝተው በሩን የዘጉትም እሳቸው ናቸው።»

ፎርማኑ ኖክስ የቤንዚን መጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ቁልፉ ሌሊቱን ሙሉ ከእሱ አልተለየም ነበር።

«እንግዲህ ማንም መልሶ አልሞላውም» አለ ሊድል። «የደረቀ ሞተር አይጮኽም፤ ብረትም አይወረውርም። ፔል በሰው እጅ ነው የተመታው። እጀታውን ያሳለፈው፣ መኪናው ማታ ማታ ደርቆ እንደሚያድር የማያውቅ ሰው ነው። እዚህ ታች ያለው ሁሉ ያውቃል፤ ሲስቅባት ኖሯል። የማያውቀው ከፎቅ የማይወርድ ብቻ ነው። ያልተሰማ ጩኸት ሰማሁ ያለውም እሱው ነው።»

ክራውዘር ፊቱ ነጣ። «በአንዲት ፈሪ ሴትዮ ወሬ ልትይዙኝ ነው?»

«አዎ፣ ፈሪ ነኝ» አለች ሄስተር ዓይኑን እያየች። «ፍርሃቴ ግን ተቀምጦ አያለቅስም። ቤንዚን ያስፈስሳል።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ኖክስ ቤንዚን አስመጣ። «አስነሳት ዊልፍሬድ» አለ። «እንዳልተሸጥን ለንደን ድረስ ይሰማ።»

ሞተሩ የፋብሪካውን መስኮቶች እያንቀጠቀጠ ተነሳ። ሄስተር ሞተሩ ጠፍቶ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ማታ ቤንዚኗን ታፈስሰዋለህ» አለችው ልጇን።

የሳቀ አልነበረም።