ተቆርጦ የደረሰ ቃል

ከጎንደር ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሸሕዲ ከተማ «ድምፀ ቆላ» የምትባል ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ አለች። አዲስ የድምፅ መሣሪያ ባስገባች በሳምንቱ አንዱአምላክ የሚባል ከጎጃም የመጣ አጫጅ ስቱዲዮ ገብቶ ለታናሽ ወንድሙ ሰላምታ ላከ። ወንድሙ መተማ ዮሐንስ አጠገብ ባለ እርሻ ሰሊጥ ያጭዳል።

አንዱአምላክ ያለው «ወባ ይዞኝ ነበር፤ አሁን ድኛለሁ፤ አትምጣ» ነበር። በሬዲዮ የተሰማው ግን «ወባ ይዞኝ... ምጣ» ሆነ። ወንድምየው ማጭዱን ጥሎ፣ ትራክተር ላይ ተንጠልጥሎ ሲደርስ፣ ታላቅ ወንድሙን ሻይ ቤት ተቀምጦ ፉል ሲበላ አገኘው። ሊያቅፈው ይሁን ሊጣላው ለጊዜው ቸገረው።

የሰላምታውን ዝግጅት የምታቀርበው ሳጂዳ ነበረች፤ የባለ ሱቁ የአብዱረሕማን ልጅ። ከሸሕዲ እስከ ድንበር ድምፅዋን የማያውቅ የለም። ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ አፈረች። ነገሩ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አልሄደም። ድምፅዋ ቀኑን ሙሉ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ቃሏ እየተበጠሰ ይወጣል።

የጣቢያዋ ኃላፊ ወይዘሮ ውባንች ከጎንደር የድምፅ ባለሙያ አስጠሩ። ሰፍዋን ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ወጣት ነው። የመሣሪያውን ሆድ ከፍቶ ሲያገላብጥ ሳጂዳ አጠገቡ ቆመች።

«ችግሩ ተገኘ?»

«ሁለት ችግር ነው ያለው» አላት። «ድሮ እያንዳንዱ ማይክ የራሱ ሽቦ ነበረው። አሁን ድምፅሽ ተቆራርጦ፣ ከሌላው ድምፅ ሁሉ ጋር በአንድ ኬብል ይሄድና እዚያ ማዶ ተመልሶ ይገጣጠማል። አጫጆች በዘፈን ሲያጭዱ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እዚሁ ተወልጄ?»

ሰፍዋን ፈገግ አለ። «ማጭዱ እኩል የሚያርፈው ሁሉም አንዱን አውራጅ ስለሚሰሙ ነው። እዚህ ግን መሣሪያው ሁሉ በየራሱ ዘፈን ይሄዳል። ጠቅ ጠቅ የሚለው ለዚህ ነው። አንዱን አውራጅ አድርጌ ሌሎቹን ተቀባይ አደርጋለሁ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሙቀቱ። ኬብሎቹን የሚያገናኘው ይህ ሣጥን ቀትር ላይ ይግልና ለአፍታ ያንቀላፋል። ያን ጊዜ የተነገረው ቃል ጠፍቶ ይቀራል። ሌላ ሣጥንና ሌላ መስመር ያስፈልገዋል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲሸከም።»

የመጀመሪያውን ችግር በማግስቱ ፈታው። ሳጂዳ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የሰሊጥ ዋጋ እንድታነብለት ጠየቃት። አነበበች። ድምፅዋ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ፣ የከንፈሯን መላቀቅ ሳይቀር አሰማት። ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጠው ሰፍዋን «እስቲ ድገሚው» አለ። ደገመች። «አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። ሠለሰች።

«እስካሁን አልጠራም?» አለችው።

«ከጠራስ ቆይቷል።»

«ታዲያ ለምን ታስነብበኛለህ?»

ሰፍዋን ጎንበስ ብሎ፣ ምንም ያልጎደለውን ቁልፍ ያስተካክል ጀመር። ጆሮው ሲቀላ በመስታወቱ አየችውና ሳቀች። ሳቋ በማዳመጫው በኩል ጆሮው ውስጥ ገባ፤ ቀና ብሎ አያት።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን መስመር በጣሪያው ሥር ሲዘረጋ፣ የኬብሉን ጫፍ መያዝ የእሷ ሥራ ሆነ። ስለ ሁሉም ነገር ያወራሉ፤ እሱ በልጅነቱ የጎረቤት ቴፕ እየፈታ ስለ መገረፉ፣ እሷ በአባቷ ሱቅ የሱዳን ነጋዴዎችን ዓረብኛ እየሰማች ስለ ማደጓ።

ሸሕዲ ግን ትንሽ ከተማ ናት። ወሬው አብዱረሕማን ሱቅ ደረሰ። አባቷ አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ይህ መንገድ ብዙ ሰው ያመጣል፤ ብዙ ሰው ይወስዳል» አሏት። «ልጁ ቁም ነገር ካለው ሰው ይላክ። ከሌለውም ሥራውን ጨርሶ በሰላም ይሂድ።»

ሳጂዳ ዓይኑን ሳታይ ይህን ለሰፍዋን ነገረችው። እሱ ብዙ አሰበና «ገባኝ» አለ። እሷ ያችን አንዲት ቃል ይዛ አደረች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሰላምታውን ልትጀምር ስትቀመጥ ሰፍዋን ቦርሳውን አንግቶ ከመስታወቱ ማዶ ታየ። ሚኒባሱ ደጅ ላይ ጥሩንባ ይነፋል። ወደ ማይኩ ጎንበስ አለ። ሙቀቱ በርትቶ ነበር። በማዳመጫዋ የደረሳት ይህ ብቻ ነው፦

«ወደ ጎንደር... እመለሳለሁ። ምን ትያለሽ?»

መሰናበቱ መሰላት። ምን እንድትል ነው የሚጠይቃት? «መልካም መንገድ» አለችው። ሰፍዋን የተመታ ያህል ደንግጦ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ እጁን አንሥቶ ተሰናበታትና ወጣ።

ሳጂዳ በምትችለው ሁሉ ድምፅዋን አደላድላ ዝግጅቱን ጀመረች። ዘፈን ሲገባ ወይዘሮ ውባንች የስቱዲዮውን በር ከፍተው ገቡ።

«እኔ አጠገቡ ነበርሁ። ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ ላለ ልጅ መልካም መንገድ ይባላል? ካልፈለግሽውም በደግ ቃል መልሺው እንጂ።»

«የምን ሽማግሌ፣ እትዬ ውባንች?»

«ወደ ጎንደር ሄጄ፣ ሣጥኑን ገዝቼ፣ ሽማግሌ ይዤ እመለሳለሁ አላለሽም?»

ሳጂዳ ብድግ አለች። ስልኩን ሞከረች፤ መንገዱ ላይ ኔትወርክ የለም፣ አይጠራም። ዘፈኑ ሊያልቅ ነው። ዞር ብላ የስቱዲዮውን ማራገቢያ አየችው፤ ጣቢያዋ ያላት እሱ ብቻ ነው። ነቅላ ወሰደችና ሣጥኑ ላይ አዞረችው። ወይዘሮ ውባንች ነገሩ ገብቷቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ከማራገቢያው ጋር ሣጥኑን ያራግቡ ጀመር።

ስቱዲዮው እንደ ምድጃ ጋለ። ላብ በአንገቷ እየወረደ ሳጂዳ ማይኩን ከፈተች።

«የሚቀጥለው ሰላምታ ወደ ጎንደር በመጓዝ ላይ ላለው ለሰፍዋን ነው። ያልኸኝ ተቆርጦ ነበር የደረሰኝ፤ አሁን ሙሉውን ሰምቻለሁ። ሽማግሌዎቹን ይዘህ ና። ላኪዋ ሳጂዳ አብዱረሕማን ነኝ።»

ሚኒባሱ ዳገቱን እየያዘ ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍቷል። ሰፍዋን ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተቀምጦ ሳለ ስሙን ሰማ። አንድም ቃል አልጎደለም። ከኋላ ያሉ ሴቶች እልል አሉ።

«ሰፍዋን የሚባለው አንተ ነህ?» አለ ሾፌሩ በመስተዋቱ እያየው። «ላዙርልህ?»

«አታዙር» አለ ሰፍዋን፤ ሳቁ እያሸነፈው። «ሽማግሌዎቹ ያሉት ጎንደር ነው። ትንሽ ፈጠን በልልኝ።»

ያን ምሽት አብዱረሕማን ሱቃቸውን ዘግተው ቤት ሲገቡ ሳጂዳ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ሽማግሌ ቤት ድረስ ይመጣል እንጂ በሬዲዮ ይጠራል?»

«ይቅርታ፣ አባባ።»

«ገበያው ሁሉ እኔን ሲያይ ዋለ።» የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ነው የወጣ» አሉና ፈገግታቸውን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሰፍዋን በሚቀጥለው ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ አጎቱንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዞ መጣ። ሳጂዳ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታዳምጣለች። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ቀዝቃዛ የከርከዴ አበባ መጠጥ ጠጥተው፣ የመጡበትን ተናገሩ። አባቷ ወደ ሰፍዋን ዞሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጄን ከዚህ ትወስዳታለህ?»

«አልወስዳትም» አለ ሰፍዋን። «ሰዉ የእሷን ድምፅ ለምዷል። እኔም እንዲሁ። ፈቃድዎ ከሆነ እዚሁ የድምፅ መሣሪያ መጠገኛ ከፍቼ እኖራለሁ።»

አብዱረሕማን ልጁን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። «እንግዲያስ ዱዓ እናድርግ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሲነሡ ሳጂዳ ደጅ ላይ አገኘችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከመሬት አንሥቶ፣ ሳያፍር አያት።

«መቼ ትጀምራለህ?» አለችው።

«መጠገኛውን?»

«መኖሩን።»

«ጀምሬያለሁ» አላት።