በልተው እስኪጨርሱ

ይህ ነገር የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም።

ሌሊት ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነበር። የፋሲካ ማግስት ሰኞ... ከሮም በስተደቡብ፣ የጥንት ሮማውያን ፍርስራሽ ያለበት ሜዳ ላይ። ፀሐይዋ ትለበልባለች። ትንሽ ራቅ ብሎ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ።

እኔ ግን ከመሬት በታች ነበርኩ።

ሎሬዳና እባላለሁ። የሰሜን ሰው ነኝ፤ የትሪየስቴ ልጅ። ወደ ደቡብ የወረድኩት ኤልቪዮን አግብቼ ነው። ከእናቱ ከዶና ኢርማና ከእህቱ ከኒቬስ ጋር አንድ ቤት እንኖር ነበር።

አማቴ "እማማ" እንድላት አልፈቀደችልኝም። "እናትሽ ሰሜን ናት። እኔ ዶና ኢርማ ነኝ" አለችኝ ገና በሠርጌ ዕለት። ልጅ ሳልወልድ ስቆይ ደግሞ ጭራሽ ስሜን መጥራት ተወች። "ያቺ" ሆንኩ።

በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት ሦስቱ ምሳ ይዘው ወደ ፍርስራሹ ይሄዳሉ። እኔን ቤት ጥለውኝ። ኤልቪዮን ስጠይቀው "የቤተሰብ ነገር ነው" ብሎ ያልፈዋል።

እኔ ቤተሰብ አልነበርኩማ።

ያን ዓመት ግን... በሆሳዕና እሁድ፣ ምሳ እየበላን፣ አማቴ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች።

"ዘንድሮ ሎሬዳናም ትመጣለች።"

ስሜን ጠራችው!

እውነቴን ነው፣ ልቤ ዘለለ። የኤልቪዮ ሹካ ግን ከእጁ ወደቀ።

"እማማ... ዘንድሮ ይለፈን" አለ በሹክሹክታ።

"ዝም ብለህ ብላ።"

ዕቅዱ እዚያው ገበታ ላይ ተጀመረ። የበጉን እግር ማን ይጠብሳል፣ አርቲቾክ የሚባለውን አትክልት ማን ያጸዳል፣ መኪናው የት ጥላ ሥር ይቆማል... እኔም ጓጉቼ በነጋታው ስለ ፍርስራሹ የተጻፈ መጽሐፍ ተውሼ መጣሁ። ዓምዶቹን አሳየኋቸው። ወለሉ ላይ በጠጠር የተሠሩትን ዓሣዎች አሳየኋቸው።

"ከየት እንጀምር?" አልኩ።

ኒቬስ ሳቀች።

"አንቺ ከታች ነው የምትጀምሪው።"

"ታች ምን አለ?"

"የውሃ ማጠራቀሚያ። የጥንት ነው። መጽሐፍሽ ላይ የለም?"

አማቴ ገላመጠቻት። ኒቬስ አፏን ያዘች።

"እሺ፣ እኔ ምን ልሥራ? ኬኩን ልጋግር?"

"አንቺ ምንም አትሥሪ" አለች አማቴ። "ከቅዳሜ ጀምረሽ ነጭ ሽንኩርት እንዳትበዪ ብቻ።"

"ለምን?"

"ሽታው አይወደድም።"

"ማን ነው የማይወደው?"

አማቴ መጽሐፉን ዘግታ መለሰችልኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ ኒቬስ ቁም ሣጥኔን ከፍታ ቆማ አገኘኋት።

"ያቺን አረንጓዴ ካፖርትሽን ሰኞ እንዳትለብሻት። እዚሁ ተያት።"

"ምን ሆነች?"

"ትበላሻለቻ! ታሳዝነኛለች።"

"ካፖርቷ ናት የምታሳዝንሽ?"

"አዎ... ካፖርቷ።"

ከዚያ እየሳቀች ወጣች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ሰኞ ጠዋት አማቴ ገንዳውን በሙቅ ውሃ ሞልታ ጠራችኝ። ጨው ጨምራበታለች። የጥብስ ቅጠል በትናበታለች። በገዛ እጇ ጀርባዬን አሸችኝ... ቀስ ብላ፣ እየፈተገች፣ ብብቴ ሥር ሳይቀር። ከሠርጌ ወዲህ ነክታኝ አታውቅም። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ልብሴን ለብሼ ወጥ ቤት ስገባ የበጉ እግር ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ለገንዳው ከዘገነችበት ጎድጓዳ ሳህን፣ ያንኑ ጨውና ያንኑ የጥብስ ቅጠል እያፈሰች ታሸዋለች።

ቆጣቢ ሴት ናት አልኩ በልቤ።

ሜዳው በሰው ተሞልቶ ነበር። ከሌላው ሰው ራቅ ብለን፣ አንድ የፈረሰ ግንብ ሥር ጨርቅ አነጠፍን። ሳህኖቹ ወጡ። አማቴ ለኤልቪዮ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው።

"ከምሳ በፊት ታችኛውን አሳያት።"

ግንቡን ዞረን አንድ ደረጃ ጋ ደረስን። የብረት በር አለው። ኤልቪዮ ቁልፍ አወጣ። እጄን ያዘኝ። በዚያ ሙቀት እጁ በረዶ ነበር።

"ግቢ... እከተልሻለሁ።"

ወረድኩ።

ከኋላዬ በሩ ጓ አለ። ቁልፉ ዞረ።

"ኤልቪዮ? ቀልድ አልወድም።"

"ሎሬ... ይቅር በይኝ።"

"ክፈት!"

"ድሮ በበግ ነበር የምናልፈው። አምና... አምና በጉን መለሰው።"

"ማን ነው የመለሰው? ኤልቪዮ! ማን?"

"ወይ አንቺ ነሽ ወይ ኒቬስ። ምን ላድርግ?"

እርምጃው ራቀ።

ታች ሰፊ ነው። ጣሪያው ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ በእሷ በኩል ትንሽ ብርሃን ትገባለች። የሳህን ድምፅም ይገባል። ከቀዳዳዋ በላይ ነበር ጨርቁ የተነጠፈው። ጮህኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

ኒቬስ ሬዲዮ ከፈተች።

ሙዚቃው መሃል... ከጨለማው ውስጥ፣ ከግድግዳው በኩል፣ አንድ ሰው ተነፈሰ።

"በሉ?"

የሽማግሌ ድምፅ ነው። የጨዋ ሰው ድምፅ።

"ማ... ማን ነው?"

"ምሳ በልተው ጨረሱ ወይ?"

ወደ ደረጃው አፈገፈግሁ።

"አይዞሽ" አለኝ። "እነሱ ሳይጨርሱ እኔ አልጀምርም። ነውር ነው።"

ግድግዳውን ተደግፌ ማዳመጥ ጀመርኩ። ፓስታው ወጣ። ብርጭቆ ተጋጨ። ከዚያ የበጉ ሽታ በቀዳዳዋ ወረደ... ከራሴ ሽታ ጋር አንድ ዓይነት ነበር።

"አሁንስ?"

ድምፁ ቀርቧል።

"ገ... ገና ናቸው።"

"እሺ።"

አማቴ አርቲቾኩን አወደሰች። ኒቬስ ኬክ ቆረሰች። የሆነ ነገር ፀጉሬን አሸተተ።

"ነጭ ሽንኩርት የለም" አለ። "ጎሽ... አሁንስ?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወደ ቀዳዳዋ ቀና ብዬ ባለኝ አቅም ጮህኩ።

"ኤልቪዮ! አትጨርስ! የመጨረሻዋን ቁራሽ አትዋጣት! ስወድህ ልሙት፣ አትዋጣት!"

ሬዲዮው ተዘጋ።

"ጨርስ፣ ኤልቪዮ" አለች አማቴ።

ሹካ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

"ጨርስ አልኩህ!"

ሳህን ተሰበረ። የሚሮጥ ሰው እግር ሰማሁ። ቁልፉ ሲንቀጠቀጥ፣ በሩ ሲከፈት... ኤልቪዮ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ጉንጩ በኬክ ተወጥሯል። እንባው ይወርዳል። መናገር አይችልም። ክንዴን ይዞ ጎተተኝና ከፊቱ ወደ ላይ ገፈተረኝ።

ወጥቼ ግንቡ ጥግ ወደቅሁ።

አማቴ በሌላው በኩል እያለከለከች ደረሰች። እኔን አላየችኝም። ያየችው ከበሩ ውስጥ፣ ደረጃው ላይ የቆመውን ልጇን ብቻ ነው። በሩ ተከፍቷል፤ እሷ ግን እኔ አሁንም ታች ያለሁ መስሏታል።

"ልትተፋት ነው? ተፋትና እህትህን ይውሰዳት!"

ከበሩ ውጭ እንደቆመች አፍንጫውን በጣቶቿ ጨመቀችው። በሌላው እጇ አፉን ከደነችው። ትንሽ ልጅ ሳለ መድኃኒት ታውጠው እንደነበረው።

"ዋጥ! ዋጣት የእኔ ልጅ... ዋጣት!"

"ተይው!" ልል ፈለግሁ። ድምፄ በጩኸት አልቋል። አየር ብቻ ወጣኝ።

ኤልቪዮ በእናቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ... እምቢ፣ እምቢ...

ከዚያ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"ጎሽ" አለች አማቴ፣ እጇን እያነሳች።

ከታች፣ ወንበር ወደ ጠረጴዛ ሲሳብ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ።

ኤልቪዮ ፊቱን አዞረ። አልጮኸም። ማንም አልጎተተውም። ስሙ እንደተጠራ ሰው ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደና ጨለማው ውስጥ ገባ።

"ኤልቪዮ?" አለች።

ጎንበስ ብላ ወደ ጨለማው አየች። "ሎሬዳና?"

"እዚህ ነኝ" አልኳት ከኋላዋ፣ በሹክሹክታ።

ዞረች። አየችኝ። ሜዳው ላይ ልጆቹ ጎል አግብተው ይጨፍራሉ።

እንደምትጮህ፣ እንደምታለቅስ ጠበቅሁ። እንደምትሮጥ ጠበቅሁ።

ከታች አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀስ ብሎ። የሚጠብቅ ሰው እንደሚያደርገው።

አማቴ ፊቷን ወደ ደረጃው መለሰች። ከሽርጧ ኪስ ነጭ የገበታ ጨርቅ አወጣች። ጨርቁን አስተካክላ አጠፈችና ወደ ጨለማው ዘረጋችው።

አንድ እጅ ወጣ። ረጅም ነው። በጣም ንጹሕ።

ጨርቁን ተቀበላት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። አጣጥፎ መለሰላት...

እሷም ተቀብላ ኪሷ ከተተችው።